የመጀመሪያ የልጆች መጽሐፋችሁን ለማን ትሥላላችሁ?

አንድ ቀን ስልክ ይደወላል። ደዋዩ ተረት ጽፏል፣ 22 ገጽ ነው፣ ሥዕሎቻችሁን ቴሌግራም ላይ አይቶ ወዷቸዋል። «በስንት ትሠሪልኛለሽ?» ይላል። ብዙዎቻችን ወደዚህ ሥራ የገባነው በዚህ በር ነው። ጥያቄው መጣ፣ ደስ አለን፣ እሺ አልን።

እኔም የመጀመሪያ መጽሐፌን የሠራሁት በስልክ በተነገረ ዋጋ ነው። ወረቀት ላይ የሰፈረ አንድም ነገር አልነበረም። መጽሐፉ ታተመ፣ ገንዘቤም ተከፈለኝ፣ በዚያ በኩል ቅሬታ የለኝም። ከዓመት በኋላ ግን የሣልኳትን ልጅ ከነሹሩባዋ፣ ከነቀይ ሹራቧ የደብተር ሽፋን ሆና አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ተደርድራ አገኘኋት። ማንም አልጠየቀኝም። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። የባሰ ያመመኝ ግን ቆይቶ ሕጉን ሳነብ ነው፣ ምክንያቱም ሰውየው እኔን የመጠየቅ ግዴታ እንኳ አልነበረበትም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ጀማሪ ሆናችሁ ሥራ ስትፈልጉ በር የሚከፍቱላችሁ ብዙ ዓይነት ሰዎች ናቸው፦ በግሉ የሚያሳትም ደራሲ፣ ግብረ ሰናይ ድርጅት፣ አሳታሚ፣ በነፃ ፈቃድ ታሪክ የሚያወጡ ድረ ገጾች። የራሳችሁን መጽሐፍ መሥራትም አለ። ሁሉንም በሦስት ጥያቄ መዝኗቸው። ስንት ይከፍላል? ሥራው ሲያልቅ እጄ ላይ ምን ይቀራል? ሥዕሉ የማን ይሆናል? አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይጠይቃል። እኔ ለጀማሪ ሦስተኛውን አስቀድማለሁ።

በግሉ የሚያሳትም ደራሲ

መጀመሪያ የሚመጣላችሁ እሱ ነው። ጥሩ ጎኑ ብዙ ነው። የምታወሩት ከአንድ ሰው ጋር ነው፣ ውሳኔ ቶሎ ይሰጣል፣ «ይሄን ዓረፍተ ነገር ብናወጣውስ? ሥዕሉ ራሱ ይናገረዋል» ስትሉት የሚሰማችሁ ደራሲም አይጠፋም። መጽሐፉ ሲወጣ ደግሞ ከማንም በላይ የሚደሰተውና ስማችሁን ለሌላ ሰው የሚያነሣው እሱ ነው።

ችግሩ እሱም እንደናንተ ጀማሪ መሆኑ ነው። ጽሑፉን አርታኢ አላየውም። ማተሚያ ቤት ሄዶ ዋጋ አልጠየቀም። እናንተ ግማሹን ከሣላችሁ በኋላ «ጅቡን በቀበሮ ብንለውጠውስ?» ብሎ ይመጣል። የሚከፍላችሁ ከደመወዙ ነው፣ ስለዚህ ወሩ ሲከብደው ክፍያው ይዘገያል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ያላሰበው ወጪ ስለሚመጣበት ነው።

እሺ ከማለታችሁ በፊት የመጨረሻውን ጽሑፍ ጠይቁት። በስልክ የተተረከላችሁን ሳይሆን የተጻፈውን። ቀጥሎ ስለ ገጽ ብዛት አውሩ። 22 ገጽ የሚባል በስቴፕል የሚሰፋ መጽሐፍ የለም፤ አንድ ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ስለሚሆን መጽሐፉ ወይ 20 ነው ወይ 24። በውጭ አገር የልጆች ሥዕል መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ 32 ገጽ የሆነው አንድ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ 16 ገጽ ስለሚወጣው፣ ሁለቱ ደግሞ 32 ስለሚሆኑ ነው። ሽፋን፣ የርዕስ ገጽና የመብት ገጽ የሚወስዱትን ቀንሱና ለታሪኩ ስንት እንደሚቀር አብራችሁ ቁጠሩ። ይህን ውይይት መጀመሪያ ቀን ያደረገ ሠዓሊ፣ ማተሚያ ቤት በር ላይ ሁለት ገጽ ጎደለ ተብሎ በአንድ ሌሊት አዲስ ሥዕል አይሠራም።

ደራሲው ከውጭ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። ዋሽንግተን፣ ሚኒሶታ፣ ቶሮንቶ ወይም ስቶክሆልም ያለች እናት ልጇ አማርኛ እንዲለምድ ብላ መጽሐፍ ስታዘጋጅ ብዙውን ጊዜ የምትፈልገው በሁለት ቋንቋ ነው። ስለዚህ በየገጹ ለሁለት ጽሑፍ ቦታ መተው አለባችሁ፣ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ሰማዩ ላይ ጽሑፍ መለጠፍ ያስቀይማል። ለእስራኤል የሚሠራ የአማርኛና የዕብራይስጥ መጽሐፍ ሲሆን ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው መጽሐፉ በየት በኩል እንደሚከፈት ነው። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። በአማርኛው መጽሐፍ ወደ ቀኝ የምትሮጠው ልጅ ወደ ፊት፣ ወደሚቀጥለው ገጽ እየሮጠች ነው፤ በዕብራይስጡ ግን ወደ መጣችበት እየተመለሰች ትመስላለች። «ሥዕሉን እንገልብጠው» የሚል ሰው ይኖራል። ስትገለብጡት ሁሉም ሰው እንጀራውን በግራ እጁ ሲቆርስ ታዩታላችሁ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፊደልም በመስታወት እንደታየ ይሆናል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ የወር ሥራ ያድናል።

የገንዘቡንም ነገር ከውጭ ደራሲ ጋር ግልጽ አድርጉት። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር፣ ሲጀመር የተስማማችሁበት ብር ሲያልቅ ሌላ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። በየትኛው ገንዘብ፣ በየትኛው ቀን ምንዛሪና በምን መንገድ እንደሚደርሳችሁ ይጻፍ።

ግብረ ሰናይ ድርጅትና የንባብ ፕሮጀክት

ከሥራ ጥራት አንጻር ብዙ የምትማሩት እዚህ ነው። ኮድ ኢትዮጵያ፣ ኢትዮጵያ ሪድስ፣ ጸሐይ የተባለችውን የልጆች ፕሮግራም ገጸ ባሕርይ በቴሌቪዥን ያስተዋወቀን ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ፣ መቀመጫውን ሲያትል ያደረገው ኦፕን ሃርትስ ቢግ ድሪምስ፣ እነዚህ ሁሉ በአገር ቋንቋዎች ለልጆች ሠርተዋል። እንዲህ ያለ ቦታ አርታኢ አለ። «የአንደኛ ክፍል ልጅ ይህን ቃል ከሥዕሉ መገመት መቻል አለበት» የሚላችሁ ሰው ታገኛላችሁ። የጉራጌ ጎጆ፣ የትግራይ ህድሞ፣ የዶርዜ የቀርከሃ ቤትና የኮንሶ እርከን የየራሳቸው መልክ እንዳላቸው ቁጭ ብሎ የሚገመግም ቡድንም ሊኖር ይችላል። እኔ ገጠር በተባለ ቁጥር ያው አንድ ዓይነት ጎጆ መሣል የተውኩት በእንዲህ ያለ ግምገማ ላይ ነው፤ አንዲት መምህርት ሥዕሌን አይታ «የእኛ ልጆች ይህን ቤት አያውቁትም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ሳልሰበስብ ቤት አልሥልም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዱ ሥዕል በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛም ሊታተም ይችላል። ስለዚህ የሱቅ ስም፣ የሰሌዳ ጽሑፍ፣ የልጁ ደብተር ላይ ያለው ፊደል ከሥዕሉ ጋር እንዳይጣበቅ በሌላ ሌየር፣ ማለትም ለብቻው በሚነሣ ንጣፍ ላይ አስቀምጡት።

ክፍያው ብዙውን ጊዜ ከግል ደራሲ የተሻለ ነው፣ ግን ይቆያል። ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) እና ደረሰኝ ይጠየቃል፣ ቲን ከሌላችሁ ደግሞ ከክፍያው ላይ የሚቆረጠው ግብር እጅግ ከፍ ይላል። ስለዚህ ሥራ ሳይመጣ በፊት ቲን አውጡ። ትልቁ ድክመቱ ፕሮጀክት መሆኑ ነው። ለመጀመሪያ ደረጃ ክፍሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋ ከተዘጋጁት የማንበቢያ መጻሕፍት ብዙዎቹ በአሜሪካ መንግሥት የልማት ድርጅት፣ በዩኤስኤአይዲ ድጋፍ የወጡ ነበሩ፣ ድርጅቱ በ2017 ሲዘጋ እንዲህ ያለው የሥራ በርም አብሮ ጠበበ። ኑሯችሁን በዚህ ላይ ብቻ አትመሥርቱ።

መብቱስ? ውሉ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ ሁሉም መብት የድርጅቱ ይሆናል፣ ማስቀየርም ከባድ ነው። ሁለት ነገር ግን ጠይቁ፤ ስማችሁ ሽፋኑ ላይ እንዲወጣና ሥዕሎቹን በፖርትፎሊዮ (በሥራ ማሳያችሁ) እንድታሳዩ እንዲፈቀድላችሁ። እኔ ስጠይቅ እምቢ ያለኝ የለም።

አሳታሚ

አጭር ነው። አገራችን ውስጥ የሕፃናት መጽሐፍ ሥዕል በራሱ ወጪ እያዘዘ የሚያሳትም አሳታሚ ጥቂት ነው፣ ብዙ ጊዜ ወጪውን የሚሸፍነው ደራሲው ራሱ ነው። ካገኛችሁ ግቡበት፣ ምክንያቱም ማሰራጨቱን ያውቅበታል። ግን ጀማሪ ሆናችሁ በር በር እያንኳኳችሁ ስድስት ወር አትጠብቁ።

በነፃ ፈቃድ የሚወጡ ታሪኮች

አፍሪካን ስቶሪቡክ ከደቡብ አፍሪካ በ2014 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን ስቶሪዊቨር ደግሞ ፕራታም ቡክስ በተባለ የሕንድ ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ሁለቱም ላይ አማርኛ ታሪኮች አሉ። እዚያ የሚወጣው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነው። ይህ ማለት ማንም ሰው ሥዕላችሁን ወስዶ፣ ስማችሁን ጠቅሶ፣ በሌላ ቋንቋ ሊያትመው ይችላል፣ እንደ ፈቃዱ ዓይነት ሊሸጠውም ይችላል። ፈቃዱ አንዴ ከተሰጠ አይመለስም።

እንደ መለማመጃ ጥሩ ነው። የተጠናቀቀ መጽሐፍ ይኖራችኋል፣ ሊንኩን ለደንበኛ መላክ ትችላላችሁ፣ የቤተ መጻሕፍት ደጅ ያላየ ልጅ በስልክ ሊያነበው መቻሉም ትንሽ ነገር አይደለም። ግን አንድ ሁለት ብቻ ስጡ። የምትወዷትንና ወደፊት ብዙ መጽሐፍ የምትሠሩባትን ገጸ ባሕርይ እዚያ አታስቀምጡ።

የራስ መጽሐፍ፣ 16 ገጽ

ማንም ሳይደውልላችሁ ዛሬ መጀመር የምትችሉት ይህን ነው። እኔ ከሁሉም በፊት ይህን ሥሩ ባይ ነኝ። ገንዘብ የለውም። ሥዕሉ ግን ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው፣ እጃችሁ ላይም የሚቀረው መጽሐፍ ነው። አንድ ደንበኛ አሥር የተለያዩ ቆንጆ ሥዕሎች ካየ «መሣል ትችላለች» ይላል። አንዲት ልጅ በ16 ገጽ ውስጥ ስትስቅ፣ ስትደበቅ፣ ከኋላ ስትታይ፣ ዝናብ ሲመታትና ጨለማ ውስጥ ስትቀመጥ ያው አንዲት ልጅ ሆና ካየ ግን ሥራውን ይሰጣችኋል። የዚህ ሙያ ፈተናው እዚህ ላይ ነው።

አራት ኤ4 ወረቀት ውሰዱ፣ በአንድነት ከመሐል እጠፏቸው፣ 16 ትንንሽ ገጽ ይወጣችኋል። ከአያታችሁ የሰማችሁትን ተረት ምረጡ፤ የጅብና የአህያ ይሁን፣ የጦጣ ይሁን፣ አጭር ይሁን ብቻ። በእርሳስ፣ ለማሳመር ሳትጨነቁ፣ ታሪኩን በየገጹ አከፋፍሉት። ከዚያ አገላብጡት። ልጁ ገጹን ገልጦ የሚደነግጥበት ነገር በቀኝ ገጽ ላይ ከሆነ አስቀድሞ ይታያል፣ ስለዚህ ድንገተኛውን ነገር ወደሚቀጥለው ግራ ገጽ ውሰዱት። ሁለቱ ገጾች በሚገናኙበት ስፌት ላይ ፊት አትሣሉ፣ አፍንጫው እጥፋቱ ውስጥ ይገባል። ለማንበብ ገና ለደረሰ የጎረቤት ልጅ ስጡትና ዝም ብላችሁ ዓይኑን ተመልከቱ። የት እንደሰለቸው ወዲያው ታውቃላችሁ።

ገጸ ባሕርይን ሳይለዋወጥ ማቆየት የት ልማር ካላችሁ ሩቅ አትሂዱ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሸራ ላይ በትንንሽ ሣጥን ከፋፍለው የሚያሳዩት የአገራችን ሥዕሎች፣ ብዙ ጊዜ 44 ናቸው፣ ቆማችሁ እዩአቸው። ንግሥቲቱን በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ወዲያው ትለዩዋታላችሁ፣ በልብሷ ቀለም፣ በዘውዷ፣ በአቀማመጧ። መልኳን አይደለም የምትከተሉት። እኔ ለልጆች መጽሐፍ ይህን ነው የወሰድኩት፦ ለአንድ ልጅ አንድ ቀለም፣ አንድ የፀጉር ቅርጽ። ቁንጮ ከሆነ ቁንጮ፣ ጋሜ ከሆነ ጋሜ፣ እስከ መጨረሻው ገጽ።

«አለ» የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ካልገባሁ አይሆንም የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 የመሠረቱት ይህ ቤት የሰው አካልንና ቀለምን በደንብ ያስተምራል፣ ዕድሉ ያለው ይግባ። የልጆች መጽሐፍ የሚያሠራ ሰው ግን ከእኔ ዲግሪ ጠይቆ አያውቅም። የሚጠይቀኝ መጽሐፍ ነው።

ወረቀት ወይስ ታብሌት?

በውሃ ቀለም መሥራት የምትችሉ ሰዎች ታብሌት እስክትገዙ አትጠብቁ። ወፈር ያለ፣ 300 ግራም የሚባለው ወረቀት ካገኛችሁ ውሃ ሲነካው ብዙም አይጨማደድም። ዋናው ሥዕል እጃችሁ ላይ ይቀራል፣ ክፈፍ ገብቶ ሊሸጥ ይችላል፣ መብራት ቢጠፋም መስኮት ሥር ተቀምጣችሁ ትሠራላችሁ። መጥፎ ጎኑ እርማት ነው። ደራሲው ሹራቡ ሰማያዊ ይሁን ካለ ገጹን እንደገና ነው። ስካን ማድረግም አለ፤ በሚታተምበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) መሆን አለበት፣ የስልክ ፎቶ ለማተሚያ አይበቃም። ከዳር በኩል 3 ሚሊሜትር ትርፍ ሣሉ፣ ሲቆረጥ ነጭ መስመር እንዳይቀር።

በታብሌት ሲሆን እርማት የደቂቃ ሥራ ነው። አይፓድ ከነመሣያ ፕሮግራሙ ከነፕሮክሪኤት ውድ ነው። ኮምፒውተር ያለው ሰው ስክሪን የሌለውን የሁዮን ወይም የኤክስፒ ፔን ሰሌዳ ገዝቶ፣ በነፃ በሚገኘው ክሪታ በተባለ የሥዕል ፕሮግራም በትክክል መጽሐፍ መሥራት ይችላል። በስልክ ላይ አይቢስ ፔይንት በሚባል መሣያ መተግበሪያ የሚሠሩ ጎበዝ ልጆችም አውቃለሁ፣ ለመለማመድ ይሆናል፣ ለ24 ገጽ ግን ዓይን ይጎዳል። የታብሌት ትልቁ ወጥመድ ቀለም ነው። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴና ደማቅ ሰማያዊ ወረቀት ላይ ሲወርድ ይሞታል፣ ምክንያቱም ስክሪኑ የሚሠራው በብርሃን ነው፣ ማተሚያው በአራት ቀለም። ሥራው ሁሉ ከማለቁ በፊት አንድ ገጽ በትክክለኛው ወረቀት ላይ አሳትማችሁ እዩ። ማተሚያ ቤቱ ናሙና አላወጣም ካለ ሌላ ማተሚያ ቤት ፈልጉ።

እኔ መስመሩን በእርሳስና በቀለም ወረቀት ላይ እሠራና ቀለሙን በኮምፒውተር እሞላለሁ። ለጀማሪ የምመክረውም ይህንኑ ነው፣ የእጃችሁ ጠባይ አይጠፋም፣ እርማቱም አያስለቅስም።

ስለ ፊደሉም ትንሽ ልበል። ለ እና ሉ የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ነው። ማንበብ እየተማረ ላለ ልጅ ጽሑፉን በቅጠልና በአበባ ላይ ብታስቀምጡበት ያቺ ጭረት ትጠፋበታለች። ለጽሑፍ ጸጥ ያለ ቦታ ተዉ። ከደራሲው የሚመጣው ጽሑፍም በዩኒኮድ፣ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ በሚነበበው የፊደል አጻጻፍ፣ የተጻፈ ይሁን፣ በድሮ የግዕዝ ፕሮግራም የተተየበው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ምልክት ብቻ ሆኖ ይመጣል።

ክፍያና ውል

ሦስት ዓይነት የክፍያ ሐሳብ ይቀርብላችኋል። በገጽ፣ በጠቅላላ፣ ወይም ከሽያጭ ፐርሰንት። ፐርሰንት ሲባል ትልቅ ይመስላል። ግን ስንት ቅጂ እንደታተመና ስንት እንደተሸጠ የምታዩበት መንገድ ከሌለ ፐርሰንቱ የምንድን ነው? መጽሐፉ በአዟሪ፣ በትውውቅ፣ በትምህርት ቤት ነው የሚሸጠው፣ ቆጥሮ የሚያሳያችሁ የለም። ስለዚህ ለመጀመሪያ መጽሐፍ ፐርሰንት ብቻ አትቀበሉ። በገጽ መሆኑም ያጣላል፤ ግማሽ ገጽ ሥዕል ስንት ነው? ሽፋኑስ? እኔ ጠቅላላ ዋጋ እመርጣለሁ፣ ግን ለአንድ እትም ብቻ። ለምሳሌ እስከ 2000 ቅጂ። ድጋሚ ከታተመ ድጋሚ ይከፈላል። ደራሲዎች ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ይገረማሉ፣ ከዚያ ፍትሐዊ መሆኑ ይገባቸዋል፣ ምክንያቱም መጽሐፉ ካልተሸጠ ምንም አይጨምሩም።

ዋጋውን ለማውጣት ያንን 16 ገጽ ስትሠሩ ሰዓታችሁን መዝግቡ። ለእኔ አንድ ሙሉ ገጽ ሁለት ቀን ይፈጃል። ይህን ሳላውቅ የተናገርኩት ዋጋ ለቁርስና ለታክሲ እንኳ አልበቃኝም ነበር።

አሁን ሕጉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም ሥራውን የማባዛትና የመሸጥ መብቱ፣ የአዛዡ ነው ይላል። አንብቡት እስቲ እንደገና። ምንም ካልጻፋችሁ መብቱ የእናንተ ሆኖ አይቆይም፣ ወደ እሱ ይሄዳል። የእኔ ቀይ ሹራብ የለበሰችው ልጅ ደብተር ላይ የወጣችው በዚህ ነው። የሥራው አመንጪ ተብሎ በስም የመጠራት የሞራል መብት ግን የእናንተ ነው።

ክፍያውን በሦስት ክፈሉት፦ ሲፈረም፣ የእርሳስ ንድፉ ሲጸድቅ፣ የመጨረሻው ፋይል ሲሰጥ። ንድፉ ከጸደቀ በኋላ የሚመጣ የታሪክ ለውጥ ተጨማሪ ክፍያ እንዳለው ይጻፍ። የመጨረሻው ክፍያ እስኪገባ ድረስ ለእይታ ብቻ የሚሆን አነስተኛ ፋይል ላኩ።

እኔ አሁን በየውሉ የማስገባው አንቀጽ ይህ ነው፣ ቀድታችሁ በራሳችሁ ሁኔታ አስተካክሉት፦

«ሠዓሊዋ ሥዕሎቹን በዚህ መጽሐፍ የመጀመሪያ እትም፣ እስከ 2000 ቅጂ፣ በአማርኛ እንዲታተሙ ለደራሲው ፈቅዳለች። ለድጋሚ እትም፣ ለሌላ ቋንቋ፣ ለቪዲዮ፣ ለደብተር፣ ለልብስ ወይም ለማንኛውም ሌላ ምርት ሥዕሎቹን መጠቀም የሠዓሊዋን የጽሑፍ ፈቃድና የተለየ ክፍያ ይጠይቃል። የሥዕሎቹ የኢኮኖሚ መብት የሠዓሊዋ ሆኖ ይቆያል። ዋናዎቹ ሥዕሎች ለሠዓሊዋ ይመለሳሉ። የሠዓሊዋ ስም በሽፋኑ ላይ ከደራሲው ስም ጋር ይወጣል።»

በሁለት ቅጂ አትሙት፣ ሁለታችሁም ምስክሮች ባሉበት ፈርሙ፣ አንዱን ይዛችሁ ግቡ። ሥዕሉን ከዚያ በኋላ ጀምሩ።